እሴታችሁ ስንት ያስከፍላችኋል?

የዛሬ ጥቂት ዓመት ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ «የድርጅታችን እሴቶች ምንድን ናቸው?» ባለቀለም ወረቀት ታደለን። እያንዳንዳችን የምናምንበትን ቃል ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ታማኝነት። ግልጽነት። መከባበር። የቡድን ሥራ። ልህቀት። ሃምሳ ምናምን ቃል ተጣርቶ አምስት ቀረ። ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሣን።

በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ጥያቄ አልተነሣም። እኔም አላነሣሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ለእነዚህ ቃላት ስንል ምን ልናጣ ፈቃደኛ ነን?» የሚል ጥያቄ። የትኛውን ሥራ አንቀበልም? የትኛው ገቢ ይቅርብን? ሽያጭ ላይ አንደኛ የሆነ፣ ግን ሰው የሚያዋርድ ባልደረባ ቢኖረን ምን እናደርገዋለን?

ከወር በኋላ መልሱ ራሱ መጣ። ብዙ ገቢ የሚያስገባ አንድ ኃላፊ ሥሩ ያለችን ወጣት ሠራተኛ በሰው ፊት ሰደባት። ጉዳዩ ወደ ላይ ሄደ። «የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ላይ ነን፤ ትንሽ እንታገሥ» ተባለ። ልጅቷ ሁለት ወር ታገሠችና ለቀቀች። ኃላፊው በዓመቱ ዕድገት አገኘ። «መከባበር» የሚለው ቃል ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ግን የድርጅቱን እውነተኛ እሴት የተማረው በዚያ ዕድገት ነው።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «እሴት የተጨመረበት ምርት» እንላለን፤ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» እንላለን። እሴት ውስጥ ዋጋ አለ። ወደ አመራር ሲመጣ ግን ዋጋውን ረስተነው በነጻ የሚታደል ጥሩ ቃል እናደርገዋለን። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ አንድ ድርጅት ምን እንደሚያምን ማወቅ የፈለገ ሰው የጻፈውን ትቶ የከፈለበትን ይይ። የዓላማም የእሴትም ማስረጃው ደረሰኙ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ አሁን የት ነው?

ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው የሚል። ብዙ ሰው ይህን ብቻ ይጠቅስና የቀረውን ይዘለዋል። ፍሪድማን «የጨዋታውን ሕግ ጠብቆ፣ ሳያጭበረብር» የሚል ቅድመ ሁኔታም አስቀምጦ ነበር። ቢሆንም ለሃምሳ ዓመት ያህል ብዙ የቦርድ ስብሰባ የተመራው በመጀመሪያው ግማሽ ነው።

በኦገስት 2019 ነፋሱ የዞረ መሰለ። 181 የታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አንድ መግለጫ ፈረሙ። ኩባንያዎቻችን የቆሙት ለባለአክሲዮን ብቻ አይደለም፤ ለደንበኛ፣ ለሠራተኛ፣ ለአቅራቢና ለአካባቢው ማኅበረሰብም ጭምር ነው አሉ። ከዚያ በኋላ «ዓላማ» ፋሽን ሆነ። ሳሙናውም፣ ሻምፑውም፣ ብስኩቱም ዓለምን የሚለውጥ ዓላማ ተጻፈለት።

ከዚያ ሰው ሰለቸው። በ2022 ቴሪ ስሚዝ የተባለው የእንግሊዝ ባለሀብት፣ ገንዘብ ላስቀመጡበት ሰዎች በላከው ደብዳቤ የሳሙናና የምግብ አምራቹን ዩኒሊቨርን ክፉኛ ተቸ። ለማዮኔዝ ዓላማ ልጻፍለት የሚል ኩባንያ መንገዱን ስቷል ነው ያለው። በ2023 ያኔ አዲስ የነበረው የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሃይን ሹማኸር ራሱ፣ ዓላማን በግድ በየምርቱ ላይ መለጠፍ እናቆማለን አለ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ይኸው፣ ነገሩ ድሮም ወሬ ነበር» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሰው የሰለቸው ቃሉ ነው፤ ቢሰለቸውም አልፈርድበትም። ማዮኔዝ ዓላማ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ንጹሕ እንቁላል፣ እውነተኛ የማብቂያ ቀን፣ ለገበሬው በጊዜው የሚደርስ ክፍያ ነው። እነዚህን አሟልቶ የሚሠራ ፋብሪካ አንድም ማስታወቂያ ሳይሠራ ዓላማ አለው።

ዓላማ ከየት ይገኛል?

የተለመደው ምክር «ወደ ውስጥህ ተመልከት» ነው። ብቻህን ተቀመጥ፣ የሚያነሣሣህን ጻፍ። አይጠቅምም አልልም። ግን ብዙ ሰው ወደ ውስጡ ሲያይ የሚያገኘው ድካምና የብድር ዕዳ ነው። እኔ የተሻለ ያየሁት መንገድ ወደ ውጭ ማየት ነው። የሥራዬ ውጤት መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል? ያንን ሰው በዓይኔ አይቼው አውቃለሁ?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አዳም ግራንት በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ቦታው የአንድ ዩኒቨርሲቲ የስልክ ማዕከል ነው። ሠራተኞቹ ለቀድሞ ተማሪዎች እየደወሉ ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚሆን ገንዘብ ይለምናሉ። አሰልቺ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው ስልኩን ይዘጋባቸዋል። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። በዚያ ገንዘብ የተማረ አንድ ልጅ አመጡና የተወሰኑት ሠራተኞች ለጥቂት ደቂቃ እንዲያነጋግሩት አደረጉ። ደመወዝ አልተጨመረም። አለቃ አልተቀየረም። ከወር በኋላ እነዚያ ሠራተኞች ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሰበሰቡት ገንዘብ 171 በመቶ ጨመረ። ልጁን ያላገኙት ሠራተኞች እንደነበሩ ቀጠሉ።

አስቡት እንግዲህ። ዓላማው ድሮም እዚያው ነበር። የጎደለው ፊት ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በጊዜው የከፈለው ደረሰኝ የአንዲትን ትንሽ አቅራቢ ቤት እንዳቆመ አያውቅም። የመጋዘን ሠራተኛው ዕቃው የት እንደደረሰ አያውቅም። መሪ ከሆናችሁ፣ በዚህ ወር ልትሠሩት የምትችሉት ርካሽና ትልቅ ነገር አንድ ደንበኛ አምጥቶ ከኋላ ክፍል ሠራተኞች ጋር ማስቀመጥ ነው። የተከፋ ደንበኛ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያስተምራል።

ወደ ውጭ ማየት ሁልጊዜ ደስ አይልም። አንዳንዴ የምታዩት ያደረሳችሁትን ጉዳት ነው። ኢቮን ሹናርድ ፓታጎኒያ የተባለውን የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ከመመሥረቱ በፊት ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ተራራ የሚወጡ ሰዎች በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ የሚመቱትን የብረት ችካል ይሠራ ነበር። ገበያው ደርቶለት ነበር፤ ችካሉ ከሥራው 70 በመቶውን ይይዛል። በ1970 ግድም በአሜሪካ ዮሰማይት ፓርክ ወዳለው ዝነኛ ገደል ሲመለስ፣ ችካሉ በተመታና በተነቀለ ቁጥር ዓለቱ እየተሸራረፈ እንደሆነ አየ። የሚወደውን ተራራ የሚያበላሸው የገዛ ምርቱ ነው። ችካሉን ቀስ በቀስ ሊተወው ወሰነ። በ1972 ባወጣው ካታሎግ ያለ መዶሻ በእጅ ብቻ የሚሰካ የአሉሚኒየም መሣሪያ አቀረበ፤ ለምን እንደቀየረም 14 ገጽ ጽሑፍ አብሮ አወጣ። ደንበኞቹ አምነውት አዲሱን ገዙ።

ሹናርድ ያኔ ቁጭ ብሎ ዓላማውን የጻፈ አይመስለኝም። መጀመሪያ ጉዳቱን አየ፤ ከዚያ 70 በመቶ ገቢውን አደጋ ላይ ጣለ። የጽሑፍ ዓላማ ከብዙ ዓመት በኋላ መጣ። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ይጽፋል፤ ከዚያ ጽሑፉን የሚመስል ሥራ ይፈልጋል።

ፈተናው ሳይመጣ መወሰን

በሴፕቴምበር 1982 መጨረሻ በቺካጎና አካባቢዋ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ታይሌኖል የተባለውን የራስ ምታት መድኃኒት ነው የወሰዱት። አንድ ሰው እንክብሉ ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ጨምሮ ብልቃጦቹን ሱቅ መደርደሪያ ላይ መልሶ አስቀምጦ ነበር። ወንጀለኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፋብሪካው ጥፋት የለበትም። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን «ይህ የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ችግሩም አንድ ከተማ ላይ ነው» ቢል ኖሮ ሕግ አይከሰውም ነበር።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጄምስ ቡርክ ማስታወቂያውን አስቆመ። ከዚያ በመላው አሜሪካ የነበረውን 31 ሚሊዮን ብልቃጥ አስሰበሰበ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የመድኃኒቱ የገበያ ድርሻ ከ35 በመቶ ገደማ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሰው ቢነካካው በሚያስታውቅ ሦስት ድርብ ማሸጊያ ተመለሰ፤ በዓመት አካባቢም ገበያውን አስመለሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ተነግሯል። እኔን የሚገርመኝ ብዙ የማይወራው ክፍል ነው። ኩባንያው በ1943 የተጻፈ አንድ ገጽ የእምነት ቃል ነበረው። መጀመሪያ ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለሕሙማን ኃላፊነት አለብን ይላል። ከዚያ ለሠራተኛ፣ ከዚያ ለማኅበረሰብ። ባለአክሲዮን መጨረሻ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ቡርክ ወረቀቱ የግድግዳ ጌጥ ብቻ እንደሆነ ታየው። ኃላፊዎቹን ሰበሰበና ምርጫ ሰጣቸው፦ ወይ እንኑርበት፣ ወይ ከግድግዳው እናውርደው። ተከራከሩ። አንዳንዱ አይሠራም አለ። ቃሉን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አንሥተው ተጣሉበት።

በ1982 አደጋው ሲመጣ «ማን ይቅደም?» ብለው ለመከራከር ጊዜ አልነበራቸውም። ክርክሩን ጨርሰውት ነበር። መሪዎች «ችግር ሲመጣ በእሴታችን እንመራለን» ሲሉ ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ችግሩ ሳይመጣ ተጣልታችሁበታል? ያልተጣሉበት እሴት በመጀመሪያው ድንጋጤ ይበናል።

አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም። ያንኑ ታይሌኖልን የሚሠራው የኩባንያው ቅርንጫፍ በ2010 ብዙ ዓይነት የሕጻናት ፈሳሽ መድኃኒት በጥራት ጉድለት ከገበያ ሰበሰበ። በአንዳንዱ ውስጥ የብረት ብናኝ ተገኝቶ ነበር። በ2015 ጥፋቱን አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የእምነት ቃሉ ከ1943 ጀምሮ አልጠፋም። ቡርክ ግን ጡረታ ወጥቷል፤ በቃሉ የተጣሉት ሰዎችም ሄደዋል። አባት የከፈለው ዋጋ ለልጅ አይቆጠርለትም።

ጥሩ ሰዎች እንዴት ይሳሳታሉ?

እሴት ሲጣስ ወዲያው ክፉ ሰው እንፈልጋለን። አንዳንዴ ይገኛል። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ «መከባበር፣ ሐቀኝነት፣ መግባባት፣ ልህቀት» የሚሉ እሴቶች ነበሩት፤ በ2000 ያሰናዳው የሥነ ምግባር መመሪያ 64 ገጽ ነው። በዲሴምበር 2001 የከሰረው ዕዳውን ከመዝገብ ውጭ ደብቆ ከኖረ በኋላ ነው። እዚያ ላይ ያሉ ሰዎች የሚሠሩትን ያውቁ ነበር።

አብዛኛው ጥፋት ግን እንዲህ አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ዌልስ ፋርጎ የተባለውን የአሜሪካ ባንክ እንውሰድ። በ2016 ሠራተኞቹ ደንበኛው ሳያውቅ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሒሳብ ሳይከፍቱ እንዳልቀሩ ይፋ ሆነ። በኋላ ቁጥሩ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ከፍ አለ። በጥቂት ዓመታት 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረሩ። ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በ2020 ደግሞ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

5,300 ሰው ሁሉ ሌባ ሆኖ ተወልዶ በአጋጣሚ አንድ ባንክ ተቀጠረ? አይመስልም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት አገልግሎት ሽጡ የሚል ግብ ነበር። ታርጌቱ በየቀኑ ይለካል። ያልደረሰ ይወቀሳል፣ ሥራውን ሊያጣም ይችላል። እሴቱ በመጽሔት ታትሟል፤ ታርጌቱ ግን ደመወዝ ላይ ታትሟል። ሰው የትኛውን እንደሚያነብ ግልጽ ነው።

በ1973 ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ይከነክነኛል። ተሳታፊዎቹ ፕሪንስተን ከተማ ባለ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ወጣቶች ናቸው። ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለ ያቃስታል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱት። ረፍዶባችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ሊናገሩ የተዘጋጁት ስለ ደጉ ሳምራዊ መሆኑ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። አንዳንዱ ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ ሲሮጥ የወደቀውን ሰው ተራምዶት አለፈ።

ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። ቸኩለው ነበር። በአንድ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ጥድፊያን የሚፈጥረው ማነው? መሪው ነው። የማይደረስበት ቀነ ገደብ የሚሰጠው እሱ ነው። ሦስት ሰው የሚሠራውን ለአንድ የሚያሸክመው እሱ ነው። «እንዴት እንደምታመጡት አላውቅም፣ ብቻ አምጡ» የሚለው እሱ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስንቶቻችን ሰምተናል? እኔ ለሰው ብያትም አውቃለሁ። አሁን ስረዳው፣ ያኔ ሳላውቀው «ብትዋሹም አልጠይቅም» እያልኩ ነበር።

ስለዚህ በእሴት መምራት ከስብከት ይልቅ የቧንቧ ሥራን ይመስላል። የቦነሱ ቀመር ምን ይላል? ዕድገት ያገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ለምን? መጥፎ ዜና ወደ ላይ ለመድረስ ስንት በር ያንኳኳል? ፍሰቱን ያላስተካከለ መሪ ስለ ሐቀኝነት በተናገረ ቁጥር ሠራተኛው ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሰማዋል።

የአንድ ሰው ሞት

ፖል ኦኒል በ1987 አልኮአ የተባለውን ግዙፍ የአሉሚኒየም ኩባንያ ሊመራ መጣ። ኒውዮርክ ላይ ባለሀብቶችን በአንድ ሆቴል ሰብስቦ ተናገረ። ሰዎቹ ስለ ትርፍና ስለ ወጪ ቅነሳ ሊሰሙ መጥተዋል። እሱ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት አወራ። ዓላማዬ አንድም ሠራተኛ የማይጎዳበት ኩባንያ ነው አለ። አዳራሹ ግራ ተጋባ።

እስካሁን ቃል ነው። ደረሰኙ ከወራት በኋላ መጣ። አሪዞና ባለ ፋብሪካ አንድን የ18 ዓመት ወጣት ሠራተኛ ማሽን ገደለው። የቆመ ማሽን ሊያስነሣ አጥር ዘልሎ ገብቶ ነበር። በሌላ ቦታ ቢሆን ሪፖርቱ «ሠራተኛው መመሪያ ጥሶ» ብሎ ይጀምራል፤ እዚያው ላይ ያልቃል። ኦኒል ኃላፊዎቹን ሰበሰበና ይህን ልጅ የገደልነው እኛ ነን አላቸው። የእኔ የአመራር ውድቀት ነው፣ የእናንተም ነው አለ። ልጁ ለምን ዘለለ? ምርት እንዳይቆም ስለተማረ። ለምን አጥሩ የሚዘለል ሆነ? ማንም ስላላሰበበት። አለቆቹ ቆመው እያዩት ለምን ዝም አሉ?

ከዚያ በኋላ ለሠራተኞች የቤት ስልክ ቁጥሩን ሰጠ። አለቆቻችሁ አደገኛ ነገር አላስተካክልም ካሉ ደውሉልኝ አለ። ሰዎቹም ደወሉ። የሚገርመው፣ ስለ አደጋ ብቻ አልደወሉም፤ ሥራው እንዴት ሊሻሻል እንደሚችልም ነገሩት። አንድ ሰው ስለ ሕይወቱ እንደምታስብ ሲያምን የቆየበትን ሐሳብም ያወጣዋል።

የመጨረሻው ፈተና በ1996 ነው። ሜክሲኮ ያለ የኩባንያው ፋብሪካ ሠራተኞች በጋዝ ታፍነው ታመሙ። ጉዳዩ የተሰማው ከኃላፊው አይደለም፤ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ አንዲት መነኩሲት ስላነሡት ነው። ኦኒል አስጣራ። ኃላፊው ችግሩን አስተካክሎታል፤ ግን ለማዕከሉ ሪፖርት አላደረገም። የሚመራው ዘርፍ ትርፉን ደጋግሞ ያሳደገ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ተሰናበተ። እኔ ያየሁት ስብሰባ ላይ ቢሆን «የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ላይ ነን» ይባል ነበር።

ኦኒል ሲመጣ በአልኮአ ከመቶ ሠራተኛ በዓመት 1.86 ያህሉ ተጎድተው ከሥራ ይቀሩ ነበር። በ2000 ሲሄድ 0.2 ነበር። የኩባንያው የገበያ ዋጋም በዚያ ጊዜ ብዙ እጥፍ አደገ። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር የምጠቅሰው በማመንታት ነው። ትርፉ ባያድግ የልጁ ሕይወት ዋጋ አይኖረውም ነበር ወይ?

ዝም የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የቶዮታ ፋብሪካዎች ውስጥ ከምርት መስመሩ በላይ የተዘረጋ ገመድ ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ በቁልፍ ተተክቷል። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይጎትተዋል። ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። አለቃው ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጎትተሃል ብሎ ማመስገን ነው። «ግልጽነት» የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ከመጻፍ ይህች ገመድ ትበልጣለች።

በ2018 ክረምት ቦይንግ ውስጥ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ እንዲህ ያለ ገመድ ፈልጎ አጣ። የ737 ማክስ ምርት በጣም እንደተጣደፈ፣ ሠራተኛው እንደደከመ ጽፎ ምርቱ እንዲቆም ጠየቀ። አልቆመም። በዚያው ዓመት ኦክቶበርና በማርች 2019 ሁለት አውሮፕላኖች ወደቁ፤ 346 ሰዎች አለቁ። ለአደጋዎቹ ዋናው ምክንያት የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነበር፤ የኃላፊው ደብዳቤ ስለሶፍትዌሩ አልነበረም። ነገር ግን በሁለቱም ጉዳይ የሚታየው አንድ ነገር ነው። የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚያስቆም ነገር አልነበረም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በቋንቋችን አለ። ስልጣን ለራስ ነው ይላል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚልም አለ። ሁለቱን ተረቶች አንድ ቋንቋ ተሸክሟቸዋል፤ በየቢሮውም ሁለቱም አሉ። ሠራተኛ አለቃው በየትኛው እንደሚኖር ለማወቅ አንድ ወር ይበቃዋል። የሚያየው ትልልቁን ነገር አይደለም። በስህተቱ ቀን ማንን እንደወቀሰ ነው። መጥፎ ዜና ያመጣለት ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ መጠራት አለመጠራቱን ነው። ይህ ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ መሆን አይጠይቅም። አራት ሰው የምትመሩ ከሆነ ለአራቱ ሰዎች ድርጅቱ ማለት እናንተ ናችሁ።

ሁልጊዜ አያተርፍም

«በእሴት ምሩ፤ ትርፉ ይከተላል» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ብዙ ጊዜ ይከተላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው ብሎ መስበክ ሰውን ማታለል ነው። ትርፍ የግድ የሚከተለው ከሆነማ ዘዴ እንጂ እሴት አይደለም።

የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖን በጁን 2020 ዓላማውን መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አስገባ። ከባለአክሲዮኖቹ 99 በመቶ በላይ ድጋፍ ሰጡ። በማርች 2021 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኢማኑኤል ፋበር ከሥልጣን ተነሣ። የአክሲዮኑ ዋጋ ከተፎካካሪዎቹ ወደኋላ ስለቀረ ባለሀብቶች ገፍተውት ነበር። የ99 በመቶ ድጋፍ አንድ ዓመት አልሞላም። ፋበር በሥራ አመራሩ ስህተት አልነበረበትም አልልም። ግን ባለቤቱ ያልከፈለበትን ዓላማ ተቀጣሪ መሪ ብቻውን ሊሸከመው እንደማይችል አየን።

ሹናርድ በ2022 ያደረገው ከዚህ አንጻር ይገባኛል። ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመተውን ፓታጎኒያን አልሸጠም፤ ለልጆቹም አላወረሰም። ድምፅ ያለውን 2 በመቶ አክሲዮን ለአደራ ተቋም ሰጠ። የቀረውን 98 በመቶ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት። ሥራው ላይ ከማይውለው ትርፍ የሚገኘው ገንዘብ ወደዚያ ይሄዳል። ሰው እንደሚያልፍ አውቆ እሴቱን ከባለቤትነቱ ጋር ሰፋው።

ይህ የቢሊየነር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ከሸሪክ ጋር ትንሽ ሥራ ስትጀምሩ፣ ገንዘቡ ሳይመጣና ፍቅር ሳለ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ምን ዓይነት ደንበኛ አንቀበልም? ገቢ ሲጠፋ መጀመሪያ የማን ደመወዝ ይቀነሳል፣ የእኛ ወይስ የእነሱ? አንዳችን ልሽጥ ብንል ለማን አንሸጥም? መልሱን በውሉ ውስጥ አስገቡት።

ይህም ሆኖ ልትሸነፉ ትችላላችሁ። አሮን ፎየርስታይን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ማልደን ሚልስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረው። ዲሴምበር 11 ቀን 1995፣ በ70ኛ ልደቱ ምሽት፣ ፋብሪካው ተቃጠለ። የመድኅን ገንዘቡን ይዞ ጡረታ መውጣት ይችል ነበር። ወይም ሌሎቹ የጨርቃ ጨርቅ ባለቤቶች እንዳደረጉት ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር መሄድ። እዚያው እገነባለሁ አለ። ሥራ ለፈቱት ሠራተኞቹ ለወራት ደመወዛቸውን ከፈለ። አገር ሁሉ አመሰገነው። ግንባታው ግን ከባድ ዕዳ አሸከመው። በ2001 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ እሱም የኩባንያውን አመራር አጣ።

ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ፣ ጊዜው ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ታደርገው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አለ፤ ትክክለኛው ነገር እሱ ነበር።